ትልቁን ነጭ አሳ ከጣና ዳር በመንጠቆ ማውጣት

ሥራዬ የሞተር ጥገና ነው። ባሕር ዳር ያለው ጋራዣችን ከሐይቁ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም። ቅዳሜ ከሰዓት የሚፈልገኝ ሰው ስልክ አይደውልም፤ ዳር ዳሩን ይዞ ይመጣል። እዚያ መቀመጥ ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓመታት ግን ከቆሮሶና ከትንንሽ አምባዛ በቀር ያየሁት ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ማለዳ ክሬን አሽከርክሬ ባለ በሌለ ኃይሌ ስወረውር፣ አንድ ሽማግሌ በደንገል ታንኳቸው በአጠገቤ ሲያልፉ መቅዘፋቸውን ገታ አደረጉ።

«አንተ ልጅ፣ ምንድነው እንዲህ የምትወረውረው?»

«አሳ ፈልጌ ነው አባቴ።»

«አሳውማ እግርህ ሥር ነበር። አሁን ሄደ።»

ሳቁብኝና ቀዘፉ። እኔ ተናድጄ ቀረሁ። ግን ልክ ነበሩ። ትልቁ ነጭ አሳ ማለዳ ላይ ከዳር ብዙ አይርቅም። የሚያርቀው የእኛ ኮቴ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በአጭሩ እሱን ሳያባርሩ ስለማባበል ነው።

መጀመሪያ ስለ አሳው። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ጓደኞቼ «ካርፕ የት ይያዛል?» ይሉኛል። ካርፕ የለመዱት ከዝዋይና ከቆቃ ነው። በጣና የካርፕ ዘመድ ከፈለጋችሁ የእኛው ነጭ አሳ አለ፤ ቤተሰቡ አንድ ነው። ገበያ ላይ ሁሉም «ነጭ አሳ» ይባል እንጂ ተመራማሪዎች አስራ አምስት ያህል ዓይነት ለይተውበታል። አብዛኞቹ ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። የጢስ አባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣ አሳ ወደ ሐይቁ እንዳይወጣ ዘግቶት ስለኖረ፣ እዚሁ ውስጥ ተለያይተው አደጉ ይባላል። ከእነዚህ ስምንቱ ሌላ አሳ የሚበሉ ናቸው። ይሄ ለእኔ ሁልጊዜ ይገርመኛል፤ ምክንያቱም ይህ ቤተሰብ መንጋጋው ላይ አንድም ጥርስ የለውም።

ካላመናችሁ የያዛችሁትን ከንፈሩን ከፍታችሁ አውራ ጣታችሁን አስገቡ። ለስላሳ ነው፣ እንደ ጎማ ይለጠጣል፤ በየጎኑ ሁለት ሁለት አጫጭር ጢም አለው። ጥርሱ ያለው ወደ ውስጥ ጉሮሮው ላይ ነው። ምግቡን ይስባል፣ ይቀምሳል፣ ካልጣመው ይተፋል፤ ከጣመው ወደ ጉሮሮው አሳልፎ እዚያ ይፈጨዋል። ይህን «ስቦ መትፋት» ልብ በሉት። የመንጠቆው ሥራ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ሦስት ሜትር ገደማ የሆነ ዘንግ፣ ክር መጠቅለያ፣ 0.35 ወይም 0.40 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ናይለን፣ ጠንካራ አጭር መንጠቆ። በክሩ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ። አንድ ሱቅ «ሃያ ኪሎ ይችላል» ብሎ የሸጠኝን ክር ቤት ወስጄ በባልዲ ውሃ ፈተንኩት። አምስት ሊትር ላይ በጠሰ። ያኔ የገባኝ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ባልዲውን ማመን ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ሜትር አስቆርጡና ፈትኑ። ባለሱቁ ቅር ካለው ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ለክብደት መጀመሪያ ላይ ያረጀ ካንዴላ እጠቀም ነበር። ጋራዥ ውስጥ ሞልቷል፣ በነፃ ነው። ግን ድንጋይ መሃል እየተቀረቀረ ሐይቁን የካንዴላ መቃብር አደረግሁት። አሁን ጠፍጣፋ ጠጠር በካላማዳሪ ቁራጭ ጠቅልዬ አስራለሁ። አስተሳሰሩ ግን እንዲህ ይሁን፦ ዋናው ክር በትንሽ ቀለበት ውስጥ ያልፋል፤ ጠጠሩ ከዚያ ቀለበት ላይ በቀጭን ደካማ ክር ይንጠለጠላል። ከመንጠቆው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ዋናው ክር ላይ ዶቃ አስገብታችሁ ቋጥሩ፤ ቀለበቱ ከዚያ በታች አይወርድም። አሳው ሲስብ ክሩ በቀለበቱ ውስጥ ይንሸራተትለታል፣ ክብደት አይሰማውም። ድንጋይ ከያዘው ደግሞ የሚበጠሰው ቀጭኑ ክር ብቻ ነው። ጠጠሩን ታጣላችሁ፣ አሳው ይቀርላችኋል።

አሁን ወደ ምግቡ። እኔ ከትል ይልቅ የበቆሎ ንፍሮ እመርጣለሁ። ትሉን ቆሮሶውም፣ ትንሹም፣ የማይፈለገውም ይጎርሰዋል። ንፍሮ ግን ትንንሾቹ አፍ አይገባም። በቆሎውን አንድ ቀን ሙሉ ዘፍዝፉት። ጥፍር ሲጫኑት እስኪገባ ቀቅሉት፤ እስኪፈርስ ግን አይደለም። ከዚያ በራሱ ውሃ ሁለት ቀን ተዉት። ትንሽ ኮምጠጥ ማለት አለበት። ባለቤቴ ይህ ድስት ወጥ ቤት እንዳይገባ ከልክላለች፤ ልክ ናት።

ፍሬውን መንጠቆው ላይ አትሰኩት። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚስተው። ከመንጠቆው ጉብጠት ላይ የአንድ ጣት አንጓ ያህል ቀጭን የስፌት ክር አንጠልጥሉ። ሁለት የበቆሎ ፍሬ በመርፌ አሻግራችሁ ክሩ ላይ አስገቡ፣ ጫፉን በሰንበሌጥ ቁራጭ ቆልፉት። መንጠቆው ራቁቱን ቀረ፣ ምግቡ ከጎኑ ተንጠለጠለ። አሳው በቆሎውን ሲስብ መንጠቆው አብሮ ይገባል። ሊተፋ ሲሞክር ባዶው ሹል ከንፈሩን ይይዛል። ምግቡ ሹሉን ከሸፈነው ግን ተፍቶት ይሄዳል፤ እናንተም «ዛሬ አሳ የለም» ብላችሁ ወደ ቤት ትሄዳላችሁ። እኔ ሦስት ዓመት እንደዚያ ብያለሁ።

አሳ በላውን ዓይነት ለሚፈልግ የትንሽ አሳ ጎን በቀጭኑ ቆርጦ መሰካት ይሠራል። እሱ ግን ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አምባዛም ይቀድማችኋል።

ማባበያው ደግሞ ለብቻው ነው። ሁለት ጣሳ የኑግ ፋጉሎ፣ አንድ ጣሳ የጠላ አተላ፣ አንድ እፍኝ ንፍሮ። አሹትና ብርቱካን ብርቱካን የሚያክል አድቦልቡሉ። አተላውን የማገኘው ከጎረቤታችን ነው። መጀመሪያ ስጠይቃቸው «ላም ገዛህ እንዴ?» አሉኝ። ለአሳ ነው ስላቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩኝና «ለአሳ ጠላ!» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። አሁን ግን ሐሙስ ሐሙስ ራሳቸው ይጠሩኛል።

ሦስት ተከታታይ ምሽት አንድ ቦታ ላይ ሦስት ሦስት ድቡልቡል ጣሉ። መንጠቆ ይዛችሁ አትሂዱ። ጣሉና ተመለሱ። አራተኛው ቀን ማለዳ መንጠቆ ይዛችሁ ሂዱ። ይህን የምነግራቸው ሰዎች ግማሾቹ በሁለተኛው ምሽት መንጠቆ ይዘው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ይደውሉልኛል። ድቡልቡሉንም አታብዙ። የጠገበ አሳ መንጠቆ አይነካም፣ የተረፈው ደግሞ ውሃውን ያበላሻል።

ቦታ ስትመርጡ ጭቃና ፊላ ያለበትን ለቆሮሶና ለአምባዛ ተዉላቸው። ነጭ አሳ በእኔ ልምድ ድንጋይ ይወዳል። በዘጌ በኩል ያሉት ድንጋያማ ዳሮች ጥሩ ናቸው። ጣና ሰፊ ይምሰል እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ «ጥልቁ ጋ ልድረስ» ብሎ መወርወር ትርፉ ድካም ነው። ከዳር ስምንት አስር ሜትር ይበቃል።

ሰዓቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት፣ ወይም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ሲነፍስ ማዕበሉ ዳሩን ይበጠብጠዋል። ብዙዎች ያኔ ዕቃቸውን ይሰበስባሉ። እኔ ያኔ እቀመጣለሁ። ውሃው ሲደፈርስ አሳው ይደፍራል፣ የእኛንም ጥላ አያይም። ከውሃው ሁለት እርምጃ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ። አትመላለሱ። ድንጋይ ላይ ባልዲ አታንኳኩ። ሙዚቃ ከፍታችሁ ከሆነ ደግሞ በቃ፣ ለሙዚቃው ነው የመጣችሁት።

ሁለት ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንደኛ፣ ባዶ እግራችሁን ውሃ ውስጥ አትቁሙ። ጣና ላይ ቢልሃርዚያ አለ። ቦት ጫማ አድርጉ ወይም ደረቅ ድንጋይ ላይ ሁኑ። ሁለተኛ፣ አባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ። አመሻሽ ላይ ለግጦሽ ይወጣል። በእሱና በውሃው መካከል አትገኙ። ፊላው ውስጥ የተረገጠ ሰፊ መንገድ ካያችሁ ያ የሰው መንገድ አይደለም፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ዘንጉን በሹካ እንጨት ላይ አስደግፉና ጫፉ ላይ ትንሽ ቃጭል አንጠልጥሉ። ነጭ አሳ ሲነካ ቃጭሉ አንዴ ሁለቴ «ቅጭ» ይላል። አትንኩት። ቀጥሎ ዘንጉ ጎንበስ ብሎ ክሩ መሮጥ ይጀምራል። ያኔ አንሱት፤ አትንጠቁት፣ አንሱት ብቻ። መንጠቆው ሥራውን ቀድሞ ጨርሷል።

ከዘንጉ ግን ክንድ አትራቁ። እኔ አንድ ቀን ቡና ልጠጣ ሃያ እርምጃ ሄድኩ። ቃጭሉን ሰምቼ ስዞር ዘንጉ እንደ እባብ በሣሩ ላይ እየተሳበ ውሃ ገባ። ዘንጉ የእኔ አልነበረም። የተዋስኩት ነበር። ስኒውን እንደያዝኩ ቆሜ አየሁት። ለባለቤቱ ለመንገር ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

አሳው ከተያዘ በኋላ ዋናው ነገር ፍሬን ነው። መጠቅለያው ላይ ያለችው ማጥበቂያ ማለቴ ነው፤ እኛ ጋራዥ ያለን ሰዎች ሌላ ስም የለንም። ገና ሳትወረውሩ በእጅ ጎትታችሁ አስተካክሉ፦ ክሩ ከሚችለው አንድ ሦስተኛ ያህል ስትስቡ መልቀቅ አለበት። የመጀመሪያው ሩጫው ኃይለኛ ነው። ይሩጥ። ሲቆም ዘንጉን ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ ዝቅ እያደረጋችሁ ጠቅልሉ። ወደ ድንጋይ ካመራ ዘንጉን ወደ ጎን አጋድማችሁ አቅጣጫ አስቀይሩት። ሆዱን ገልብጦ ሲታይ አለቀ ብላችሁ አትዝናኑ። ዳሩን ሲያይ አንድ የመጨረሻ ሩጫ አለው። አብዛኛው ትልቅ አሳ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።

በክሩ ብቻ አንጠልጥላችሁ አታውጡት። የእኔ ማውጫ ከአሮጌ ብስክሌት ቸርኬ የተሠራ ነው፤ መረብ ሰፋሁበት፣ ረጅም እንጨት ገጠምኩለት። ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ቸርኬ አይጠፋም። መረቡን ውሃ ውስጥ አስቀድሙና አሳውን ወደ መረቡ ምሩት። መረቡን ይዛችሁ አሳውን አታባርሩት። የምትለቁት ከሆነ እጃችሁን አርጥቡ፣ እርጥብ ጆንያ ላይ አጋድሙት፣ ስንጥቡ ውስጥ ጣት አታስገቡ። እስካሁን ትልቁ የያዝኩት 68 ሳንቲሜትር፣ ሦስት ኪሎ ተኩል ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነበር። እጄ እስከ ማታ ተንቀጠቀጠ።

ከሐምሌ እስከ መስከረም ግን እኔ መንጠቆዬን እሰቅላለሁ። ብዙዎቹ የነጭ አሳ ዓይነቶች በዚያ ወቅት እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ገልዳ ይወጣሉ። ወንዙ አፍ ላይ ተሰብስበው ተራ ይጠብቃሉ። ያኔ መያዝ ቀላል ነው፣ ችግሩም እሱ ነው። ወንዝ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋ አለ፣ አሳ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ውሃ ውስጥ የሚበትንም አለ። ብርብራው ትልቁንም ጫጩቱንም አይለይም። ሐይቁ ላይ በሞተር ጀልባና በመረብ ማስገር ከተስፋፋ ወዲህ ነጭ አሳ ክፉኛ ቀንሷል። ሽማግሌዎቹ የሚያወሩትን መጠን የእኔ ዕድሜ አላየውም። ስለ ፈቃድም የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ከመሄዳችሁ በፊት በአካባቢው ያለውን የግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ለመጠየቅ አይከፈልም።

ለመብላት ከያዛችሁ እሾሁን ዕወቁበት። ነጭ አሳ ሥጋው ውስጥ የተበተነ፣ ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀ ቀጭን እሾህ አለው። ሰው የሚሸሸው ለዚህ ነው፤ ቆሮሶ የሚወደደውም ለዚህ ነው። መፍትሔው ቢላዋ ነው። ቅርፊቱን ካነሳችሁ በኋላ ጎኑን ከላይ እስከ ታች በግማሽ ሳንቲሜትር ልዩነት እስከ ዋናው አጥንት ድረስ ብጡት። ጨው፣ ሚጥሚጣ፣ ትንሽ ዱቄት። ዘይቱ በደንብ የጋለ ይሁን። እሾሁ ተቆራርጦ ከሥጋው ጋር ስለሚጠበስ ጥርስ ላይ ከሽ ይላል እንጂ አይወጋም። ለዱለት ግን ይሄ አሳ አይሆንም፣ አትድከሙ።

ጭንቅላቱን ቀቅላችሁ ከስንጥቡ ኋላ ያለውን አጥንት አውጡ። ያ ያልኳችሁ የጉሮሮ ጥርስ እዚያ ነው፤ እንደ ትንሽ ማበጠሪያ ነው። ልጄ ሰባት ጥንድ በክብሪት ሳጥን አስቀምጣለች። ከሳጥኑ ውጭ በእርሳስ ቀኑን ትጽፍበታለች።