የድሮ ፕሪአምፕሊፋየሮችን ለሸክላ እንዴት ማወዳደር ይቻላል?

ሁለት የድሮ ፕሪአምፕሊፋየሮችን (ከማጫወቻው የሚመጣውን ደካማ ድምፅ ለአምፕሊፋየሩ የሚያዘጋጁ ዕቃዎችን) ጎን ለጎን አስቀምጦ ሸክላ የሚያጫውት ሰው ብዙውን ጊዜ ሳያውቀው የካፓሲተሮችን (በውስጣቸው ያሉ ኤሌክትሪክ አከማች ክፍሎችን) እርጅና ያወዳድራል። ማራንትዝ 7፣ ዳይናኮ ፓስ-3 እና ኳድ 33 የተባሉት ፕሪአምፕሊፋየሮች የወጡት ከ50 ዓመት በፊት በመሆኑ፣ አንዱ ታድሶ ሌላው እንዳለ የቀረ ከሆነ ውጤቱ ስለ ዲዛይናቸው ምንም አይነግርዎትም። ዳይናኮ ገዢው ራሱ እንዲገጣጥመው በየክፍሉ ተፈትቶም ይሸጥ ስለነበር ብየዳው እንደ ሠሪው እጅ ይለያያልና ውስጡን ማየት ግድ ነው። ሆኖም እንደ ማራንትዝና ዳይናኮ ያለ የቫልቭ (የመስታወት ቱቦ) ዕቃ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ልምድ ከሌለዎት ለባለሙያ ይስጡት። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራና በ117 ወይም በ120 ቮልት የሚሠራ ዕቃ ደግሞ በኛ አገር 220 ቮልት ላይ ያለ ቮልት መቀነሻ ትራንስፎርመር አይሰካም።

ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ስለሚቀረጽ ፕሪአምፕሊፋየሩ ይህን መልሶ ማስተካከል አለበት። ለዚህ ማስተካከያ የሚያገለግለው አር.አይ.ኤ.ኤ. የሚባለው መለኪያ በወፍራሙ ጫፍ፣ 20 ኸርዝ ላይ ወደ 19 ዴሲቤል ይጨምራል፤ በቀጭኑ ጫፍ፣ 20 ሺህ ኸርዝ ላይ ደግሞ ወደ 20 ዴሲቤል ይቀንሳል። ማራንትዝ 7 ከዚህ ሌላ ለጥንት ሸክላዎች የሚሆን መምረጫ ስላለው፣ መምረጫው በሌላ ቦታ ላይ ተረስቶ ከቆየ ጥሩውን ዕቃ መጥፎ ያስመስለዋል።

ከዚያም ሁለቱን በአንድ ማጫወቻ፣ በአንድ ካርትሪጅ (መርፌውን በያዘው ክፍል)፣ በአንድ ኬብልና በአንድ አምፕሊፋየር ያዳምጡ። ጆሮ ጮክ ያለውን የተሻለ አድርጎ ስለሚሰማ፣ 1000 ኸርዝ ያለበት የመሞከሪያ ሸክላ አጫውተው በስፒከሩ መግቢያ ላይ ያለውን ቮልት ይለኩ፤ ልዩነቱ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ አድርገው ድምፁን ያስተካክሉ። ይህን ሳያደርጉ የተሰጠን አስተያየት እኔ አልቀበልም።

ለማዳመጥ ሞኖ የሆነ (በሁለቱም ስፒከሮች አንድ ዓይነት ድምፅ የሚያሰማ) ሸክላ ይምረጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የተቋቋመው አምሃ ሬከርድስ ካሳተማቸው የ45 ዙር ሸክላዎች አንዱ ካለዎት ይበቃል። የዘፋኙ ድምፅ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ወደ ግራ ካዘነበለ፣ የማጫወቻውን የግራና የቀኝ ገመድ ፕሪአምፕሊፋየሩ ላይ ያቀያይሩ፦ ዝንባሌው ወደ ቀኝ ከዞረ ችግሩ ከካርትሪጁ ወይም ከገመዱ ነው፤ ግራ እንደሆነ ከቀረ ግን ፕሪአምፕሊፋየሩን ወይም ከእሱ በኋላ ያለውን ይጠርጥሩ። መርፌውን አንስተው ድምፁን ከፍ ሲያደርጉ ጉምጉምታው አብሮ ካደገ፣ በመጀመሪያ የማጫወቻውን የመሬት ሽቦ ይመልከቱ። ቫልቮቹን በእርሳስ የላጲስ ጫፍ በቀስታ መታ መታ ሲያደርጉ እንደ ደወል የሚያቃጭለው መለወጥ ያለበት ነው።

አንድ የቫልቭ ፕሪአምፕሊፋየርን ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ሳስቷል ብዬ ለወራት አማርሬበት ነበር፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር። መውጫው ላይ ያለው 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር የመግቢያ ተቃውሞው 10 ኪሎኦም ከሆነው ትራንዚስተር አምፕሊፋየሬ ጋር ሲገናኝ ከ160 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ እየቀነሰ ይሄዳል፤ በ100 ኪሎኦም ግን መቀነስ የሚጀምረው 16 ኸርዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ ማራንትዝ ወይም ዳይናኮ ከትራንዚስተር አምፕሊፋየር ጋር ከመፈተንዎ በፊት የአምፕሊፋየሩን የመግቢያ ተቃውሞ ያረጋግጡ። ኳድ 33 ራሱ የትራንዚስተር ዕቃ ስለሆነ በዚህ በኩል ብዙም አያስቸግርም።