ጎንደር ላይ ቤተሰብ ይዞ ቤት ለሚከራይ

ከኪራዩ በፊት ውሃውን ጠይቁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ የሌለው "ርካሽ" ቤት ልጆች ላሉት ሰው ርካሽ አይደለም፤ በጀሪካን የምትገዙት ውሃ ላይ ማመላለሻው ሲጨመር ከኪራይ ያተረፋችሁትን ይበላዋል። ሮቶ አለ ካሏችሁም አንኳኩታችሁ እዩት፣ ለጌጥ የቆመም አይጠፋም።

ቀጥሎ የመብራት ቆጣሪው። የጋራ ከሆነ ሒሳቡ በሰው ይካፈላል ወይስ በቤት? እንጀራ መጋገር ይፈቀዳል? "ምጣድ አይቻልም" የሚባለው ብዙ ጊዜ ዕቃ ከገባ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ እንጀራ በየቀኑ መግዛት ሊመጣ ነው።

ፒያሳ ለሁሉም ቅርብ ስለሆነ ኪራዩ ይወደዳል። ማራኪ በኩል ከዩኒቨርሲቲው ሰው ጋር ትሻማላችሁ። አዘዞ ወጣ ካላችሁ ኪራዩ ይቀላል፣ ግን ሥራውና ትምህርት ቤቱ መሃል ከተማ ከሆነ የቤተሰቡን የወር ትራንስፖርት ኪራዩ ላይ ደምራችሁ አወዳድሩ። የደላላውን ኮሚሽን ቤቱን ሳታዩ ተነጋገሩ።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር እንዳይበልጥ ይላል። በየትኞቹ ከተሞች እንደሚሠራ የሚወስኑት ክልሎች ስለሆኑ ቀበሌ ጎራ ብላችሁ አጣሩ። "የ6 ወር አምጡ" የሚል አከራይ ከገጠማችሁ በትህትና አዋጁን አንሱበት። ካኮረፈ ሌላ ቤት እዩ። ኪራዩን በባንክ ክፈሉ፣ ደረሰኙንም አትጣሉ።