ጌም ሲከፈትበት ድርግም የሚለው ኮምፒውተሬ

ኮምፒውተሬ ለተራ ሥራ ቀኑን ሙሉ ያለ እንከን ይውላል፤ ከበድ ያለ ጌም ሲከፈትበት ግን አሥር ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ ሰማያዊ ስክሪንም ሆነ ማስጠንቀቂያ ሳያሳይ፣ ሶኬቱ የተነቀለ ያህል ድርግም ይል ነበር። የዊንዶውስ የክስተት መዝገብ የሆነው ኢቨንት ቪውወር የመዘገበው ከርነል ፓወር 41 የሚባለውን መልእክት ብቻ ሲሆን፣ ይህም ኮምፒውተሩ በሥርዓቱ ሳይዘጋ መጥፋቱን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም።

ጅማ ላይ፣ በተለይ በክረምት፣ መብራት ስለሚዋዥቅ መጀመሪያ የጠረጠርኩት እርሱን ነበር፤ ይሁንና ስታቢላይዘር ገዝቼ ባስገባም ለውጥ አልመጣም። የሲፒዩውን (የዋናውን ፕሮሰሰር) ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈውን ቴርማል ፔስት ቀየርኩ፣ ራሞቹን በየተራ እያወጣሁ ሞከርኩ፣ ዊንዶውስንም እንደገና ጫንኩ፤ ሁለት ቀን የበላብኝ ይህ የመጨረሻው ነው። የሲፒዩው ሙቀት ከ70 ዲግሪ ስለማያልፍ ፔስቱን ባልነካው ይሻል ነበር።

በመጨረሻ የግራፊክስ ካርዱን ገመድ ስነቅል የአንዱ ፒን ዙሪያ ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ አገኘሁት። እያንዳንዳቸው እስከ 150 ዋት የተመደበላቸው የካርዱ ሁለት ባለ 8 ፒን መሰኪያዎች ኃይል የሚያገኙት ጫፉ ለሁለት ከተከፈለ አንድ ገመድ ነበር። ከፓወር ሰፕላዩ ጋር መጥተው ካርቶኑ ውስጥ ሳይነኩ የተቀመጡ ሁለት ገመዶችን አውጥቼ ለየብቻ ሰካኋቸው። የግራፊክስ ካርድን በከባድ ጭነት የሚፈትነውን ፈርማርክ የተባለ ፕሮግራም አንድ ሰዓት ሙሉ ባሠራም ኮምፒውተሩ አልጠፋም፤ ከዚያ ወዲህም ጠፍቶ አያውቅም።