ነገ ጠዋት ሜዳ ላይ ምን ትቆጥራላችሁ?

የመጀመሪያው የጥናት ርዕሴ «ስነ ልቦና በስፖርተኞች ውጤት ላይ ያለው ተፅዕኖ» የሚል ነበር። ኮርቼበትም ነበር። አማካሪዬ አነበቡትና «ጥሩ ነው። ነገ ጠዋት ሜዳ ስትሄጂ ምንድን ነው የምትቆጥሪው?» አሉኝ። ዝም አልኩ።

አሁን የስፖርት ስነ ልቦና ፕሮጀክት ይዘው የሚያማክሩኝን ተማሪዎች እኔም ይህንኑ እጠይቃቸዋለሁ።

ርዕስ ከመፈለጋችሁ በፊት ሰው ፈልጉ። ሳትለምኑ የምታገኙት ቡድን የቱ ነው? ስለ ኦሊምፒክ ሯጮች ማጥናት ያምራል፤ ግን ማን ያገናኛችኋል? ተጫዋቾቹ ከ18 ዓመት በታች ከሆኑ ደግሞ የወላጅ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ ለእሱም ቀን መድቡ።

ከዚያ ስልካችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ ልምምድ ተመልከቱ። እኔ ስመለከት አንድ አጥቂ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ፍፁም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ኳሷን ሁለቴ ያዞራታል፣ አራት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ካልሲውን ይስባል፣ ይመታል። ሁሌም እንዲሁ ነው። አንድ ቀን ካልሲው ላይ ሲደርስ በረኛው «ቆይ፣ ጓንቴን ላጥብቅ» አለ። ልጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ተመልሶ ኳሷን ከማዞር ጀመረ! ይህን ልማዱን ብንከለክለውስ?

ጥያቄዬ ተጠርቦ ተጠርቦ እንዲህ ሆነ፦ «የዚህ ቡድን ተጫዋቾች የለመዱትን ዝግጅት አድርገው ሲመቱና ፊሽካ እንደተነፋ ወዲያው ሲመቱ፣ ከ10 ምት ስንቱን ጎሉ ጥግ ላይ ያስገባሉ?» ሁለቱን ጥጎች በገመድ ለየሁ። የበረኛው ብቃት ቆጠራዬን እንዳያበላሽብኝ ጎሉን ባዶ አደረግኩት። ግማሾቹን በዝግጅት፣ ግማሾቹን ያለ ዝግጅት አስጀመርኩ፤ ከዚያ አቀያየርኳቸው። አለበለዚያ ልዩነቱ የድካም ይሁን የልማድ በምን ይለያል?

አይቶ መነሳት የቆየ ብልሃት ነው። አሜሪካዊው የስነ ልቦና ተመራማሪ ኖርማን ትሪፕሌት ብስክሌተኞች ከሌላ ሰው ጋር ሲነዱ ብቻቸውን ከሚነዱት እንደሚፈጥኑ አስተዋለ። ከዚያ 40 ልጆችን ሰብስቦ የዓሣ ማጥመጃ ክር መጠቅለያ አንዴ ለየብቻ፣ አንዴ ጎን ለጎን እያደረገ አስዞራቸው። እ.ኤ.አ. በ1898 የታተመ ጥናት ነው።

ብዙዎቻችሁ «ጭንቀት»ን እንደምትመርጡ አውቃለሁ። ይሁን፤ ግን የትኛው ጭንቀት? «ብንሸነፍስ» የሚለው ሐሳብ ሌላ፣ የልብ ምትና የእጅ ላብ ሌላ ነው። መጠይቅ ከራሳችሁ አትፍጠሩ፤ የተፈተኑ አሉ። ሲኤስኤአይ-2 (CSAI-2) የሚባለው የውድድር ጭንቀት መጠይቅ 27 ጥያቄ ያለው ሲሆን የሐሳብ ጭንቀትን፣ የሰውነት ጭንቀትንና በራስ መተማመንን ለየብቻ ይለካል። ደግሞ ከጨዋታ በፊት አስሞሉት። ከጨዋታ በኋላማ የተሸነፈ ሁሉ «ተጨንቄ ነበር» ይላል።

መጠይቅ ብቻ ከበተናችሁ «ተፅዕኖ» የምትለዋን ቃል ከርዕሱ አውጧት። ያያችሁት ዝምድና ነው። የተጨነቀው ደካማ ተጫወተ ወይስ ደካማ መሆኑን ስላወቀ ተጨነቀ?

ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ፤ «ምንም ልዩነት የለም» የሚለውን መልስ ወረቀት ላይ ጻፉት። እሱም ቢሆን የሚነበብ ከሆነ ጥያቄያችሁ ደህና ነው። የእኔ ውጤት እንደዚያ ነበር፤ ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። አማካሪዬ ምንም አልመሰላቸውም። ካልሲ ሳቢው ልጅ ግን እስካሁን እንደተቀየመኝ ነው።