የሚዋሽ ትዝታን በቀለምና በወረቀት እንዴት እንሥላለን?

የአያቴ ቤት በር አረንጓዴ ነበር። እህቴ ደግሞ «ሰማያዊ ነው» ብላ ትሟገታለች። ያለን ፎቶ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ አይገላግለንም። ይህን ሥራ የጀመርኩት ከዚህ ጭቅጭቅ ተነስቼ ነው።

መጀመሪያ የምታስታውሱትን አንድ ቦታ ምረጡና ፎቶውን ሳታዩ በእርሳስ ንደፉት። በማግስቱ የትናንቱን ደብቃችሁ እንደገና ንደፉ። አምስት ቀን ያህል ቀጥሉ። እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬድሪክ ባርትሌት እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጥናቱ ሰዎች አንድ ተረት አንብበው በየጊዜው እንዲደግሙት አድርጎ ነበር። እንግዳ የሆነባቸውን እየጣሉ፣ የቀረውን ወደሚያውቁት እየለወጡ ሄዱ። እኔም በሦስተኛው ቀን ንድፌ ላይ አያቴ ቤት ያልነበረ መስኮት በቀለ። እንዲህ ያለውን አትደምስሱ፤ የምንፈልገው እሱን ነው።

ንድፎቹን ቀዳድዳችሁ ነጭ በተቀባ ኮምፔንሳቶ ላይ ለጥፉ። ሸራ አልመክርም፤ ሲታሽ ይረግባል።

አስቸጋሪው የፎቶውን ምስል ወደ ሰሌዳው ማስተላለፉ ነው። ዋናውን ፎቶ እንዳትነኩ። ቅጂው በፎቶ ኮፒ ማሽን ወይም በሌዘር ፕሪንተር የወጣ ይሁን። እኔ ቤት ባለው ኢንክጄት (ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ፕሪንተር) አትሜ፣ ውሃ ሲነካው አያቴ ሐምራዊ ኩሬ ሆነው ቀሩ።

ሰሌዳውን አክሪሊክ ሚዲየም (ቀለም የሌለው የአክሪሊክ ቅባት) ወፈር አድርጋችሁ ቀቡት። ነጭ ኮላም ይሠራል፤ ግን ውሃ ሲያገኘው ስለሚለሰልስ አልወደውም። ቅጂውን በፊቱ ደፍታችሁ ለጥፉና አየሩን በአሮጌ ካርድ ግፉት። እስከ ነገ አትንኩት። በፀጉር ማድረቂያ ማቻኮል አረፋ ያመጣል። ሲደርቅ በስፖንጅ አርጥባችሁ ወረቀቱን በጣት ጫፍ ቀስ እያላችሁ እሹት፤ እየተፍረከረከ ይለቃል። በጥፍር አይሆንም። የጸዳ መስሏችሁ ሲደርቅ ነጭ ጉም ይመለስበታል፤ እንደገና አርጥቡ። እኔን ሦስት ዙር ፈጅቶብኛል። የተላጠ ቦታ ካለ ተዉት።

ምስሉ የሚያርፈው ግራና ቀኙ ተገልብጦ ነው። ካልፈለጋችሁ ቅጂውን አስቀድማችሁ ኮምፒውተር ላይ አዙሩት። በፎቶው በስተቀኝ የነበረው የበሩ እጀታ ወደ ግራ ሲሄድብኝ ግን እኔ ሆን ብዬ ተውኩት።

ከዚያ ቀለም ነው። አረንጓዴ ቀባሁ፣ ሲደርቅ ሰማያዊ ደረብኩ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት። መደረብና መፋቅ የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት ከፈለጋችሁ የትውልደ ኢትዮጵያዊቷን ሠዓሊ የጁሊ ምህረቱን ሥዕሎች ተመልከቱ።

እህቴ መጥታ አየችው። በቀለሙ አሁንም አልተስማማንም። «እጀታው ላይ ግን ልክ ነህ» አለችኝ፣ «በግራ ነበር።»