600 መስመር የጆርናል ኮድ፣ ሳይሰበር እንዴት ይጸዳል?

አጎቴ ደብረ ሲና ላይ የእህል ነጋዴ ነበሩ። ሁለት ደብተር ነበራቸው፤ አንዷ ኪስ የምትገባ ትንሽ፣ ሌላው ቤት የሚቀመጥ ትልቅ ባሕር መዝገብ። ገበያ ሲውሉ ማን ስንት ኩንታል በዱቤ እንደወሰደ በትንሿ ይጽፉና ከሥር ይፈርማሉ። ማታ ከራት በኋላ የተፈረመውን ብቻ ወደ ባሕር መዝገቡ ይገለብጣሉ። ልጅ ሆኜ አንዴ "ጋሼ፣ ይቺን መስመር ዘለሏት" ብላቸው፣ "አልዘለልኳትም፤ አልፈረምኩባትም። ያላለቀ ነገር አይገለበጥም" አሉኝ።

የፋይል ሲስተም (ፋይሎችን ዲስክ ላይ የሚያደራጀው ሶፍትዌር) ጆርናልም ሥራው ይኸው ነው። ለውጡ ዋናው ቦታው ላይ ከመግባቱ በፊት ጆርናሉ ላይ ይጻፋል። ቀጥሎ ኮሚት ብሎክ የሚባል አንድ ብሎክ (የዲስክ ቁራጭ) ይጻፋል፤ ፊርማው እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ተረጋግቶ ወደ ቦታው ይገለበጣል፣ ይሄኛውን ቼክፖይንት ይሉታል። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ሲነሳ ጆርናሉን ያነባል፣ የተፈረመውን ይገለብጣል፣ ያልተፈረመውን ይተዋል። በቃ። ሐሳቡ አንድ ገጽ አይሞላም።

ኮዱ ግን ሌላ ነገር ነው። ሊኑክስ ላይ ኤክስት3 የተባለው ፋይል ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2001 ጆርናል ይዞ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ ገባ፤ ዛሬ ኤክስት4 የሚጠቀምበት ጄቢዲ2 የተባለው ክፍል የዚያ ልጅ ነው። እዚያ ውስጥ ትራንዛክሽን (አብረው የሚገቡ ወይም አብረው የሚቀሩ ለውጦች) የሚዘጋውን ፈንክሽን ክፈቱና እዩት። ብዙ መቶ መስመር ነው፤ መሃል መሃሉ ላይ "ምዕራፍ 1"፣ "ምዕራፍ 2" የሚሉ የዲበግ መልእክቶች እንደ ኪሎ ሜትር ድንጋይ ተተክለውበታል። የጻፉት ሰዎች ሰነፍ ሆነው አይደለም። እዚህ ኮድ ውስጥ ትክክለኛነት ማለት ቅደም ተከተል ነው፣ ቅደም ተከተሉ ደግሞ የሚታየው ሁሉም ነገር ከላይ ወደ ታች ተደርድሮ ሲነበብ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ኮድ ስታጸዱ የናንተ ሥራ ማሳጠር አይደለም። ቅደም ተከተሉ ከበፊቱ የበለጠ እንዲታይ ማድረግ ነው። ኮዱ አጥሮ ቅደም ተከተሉ ከተደበቀ አበላሻችሁት።

እኔ አበላሽቼው አውቃለሁ። ደብረ ብርሃን ነው የምኖረው፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በሲ ቋንቋ የተጻፈች አንዲት ትንሽ ፋይል ሲስተም እንጠብቃለን። ትራንዛክሽኑን ዘግታ የምትፈርመው የኮሚት ፈንክሽኗ ወደ 600 መስመር ነበረች። ባለፈው ሐምሌ፣ ጋቢ ተከናንቤ ተቀምጬ፣ "ብሎክ ጻፍ፣ ጠብቅ" የሚል ነገር አራት ቦታ ተደጋግሞ አየሁና ወደ አንድ ፈንክሽን ሰበሰብኩት። አንደኛው ቦታ ላይ ዲስኩ ካሹን (ጊዜያዊ ማቆያውን) ወደ ውስጥ እንዲያራግፍ የሚያዝ አንድ ትርፍ የሚመስል መስመር ነበር። አነሳሁት። ኮዱ 200 መስመር ሆነ፣ ቴስቱ ሁሉ አለፈ፣ ደስ አለኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ነጎድጓድ ሲመጣ መብራት ሄደ።

ማሽኑ ሲነሳ ግማሹ ፎልደር ዝብርቅርቁ ወጥቷል። የሆነው ይሄ ነው። ዲስክ "ጽፌያለሁ" ሲላችሁ ብዙ ጊዜ ካሹ ውስጥ ማስገባቱን ነው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ የሚያስገባው በፈለገው ተራ ነው። ፊርማው ቀድሞ ገባ፣ ከፊርማው በፊት መግባት የነበረበት አንድ ብሎክ ግን ካሹ ውስጥ እንዳለ ቀረ። ጆርናል ደግሞ ክብ ነው፤ መጨረሻው ሲደርስ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ስለዚህ በዚያ ቦታ ላይ የነበረው ካለፈው ዙር የቀረ አሮጌ ብሎክ ነው። ገላጩ ብሎክ (ተከታዮቹ ብሎኮች የት እንደሚገለበጡ የሚናገረው) አለ፣ ፊርማው አለ፣ መሃሉ ላይ የሌላ ቀን ታሪክ አለ፤ የኛ ጆርናል ደግሞ ቼክሰም (ይዘቱ መለወጡን የሚያጋልጥ ቁጥር) አልነበረውም። ማሽኑም አምኖ ገለበጠው።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ የምሠራበት መንገድ ይሄ ነው።

ኮዱን ከመንካታችሁ በፊት ወረቀት አምጡና ምን ከምን መቅደም እንዳለበት በሰው ቋንቋ ጻፉ። የኛ አራት ዓረፍተ ነገር ሆነ። የፋይሉ ዳታ ከፊርማው በፊት ዲስክ ላይ ያርፋል (የኤክስት4 መደበኛ አሠራርም ይሄ ነው፣ ኦርደርድ ይሉታል)። የጆርናሉ ብሎኮች በሙሉ ከፊርማው በፊት ያርፋሉ። ፊርማው ከማንኛውም ግልበጣ በፊት ያርፋል። የጆርናሉ ጅራት ወደፊት የሚሄደው፣ ማለትም የድሮው ቦታ ለአዲስ ጽሑፍ የሚለቀቀው፣ ግልበጣው ካረፈ በኋላ ብቻ ነው። "ያርፋል" ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ "ተጻፈ" እና "አረፈ" አንድ አይደሉም፣ እኔን የበላኝም ይሄ ልዩነት ነው። እነዚህን አራት መስመሮች ፋይሉ አናት ላይ ኮመንት አድርጋችሁ ለጥፏቸው።

ሁለተኛ፣ መብራት የሚያጠፋ ቴስት ይኑራችሁ። የተለመደው ቴስት ጻፍ፣ አንብብ፣ አመሳስል ነው፤ ለጆርናል ምንም አይነግራችሁም። ወደ ዲስክ የሚሄደውን እያንዳንዱን ጽሑፍና እያንዳንዱን የማራገፍ ትዕዛዝ በተራ መዝግቡ። ከዚያ መዝገቡን እየቆረጣችሁ፣ እዚህ ጋ ቢጠፋስ፣ እዚህስ እያላችሁ፣ የዲስክ ኢሜጅ (ሙሉ ቅጂ) ፍጠሩ፤ አስነሱት፣ ፈትሹት። ሊኑክስ ላይ ዲኤም ሎግ ራይትስ የሚባለው መሣሪያ ለዚህ የተሠራ ነው። ትንሽ ፋይል ሲስተም ከሆነ ግን በራሳችሁ ከመቶ መስመር ባልበለጠ ኮድ ትጽፉታላችሁ። አንድ ነገር አትርሱ፦ በሁለት ማራገፊያዎች መሃል ያሉት ጽሑፎች በየትኛውም ተራ ሊገቡ ይችላሉ፣ ከፊሉ ገብቶ ከፊሉ ሊቀርም ይችላል። ስለዚህ በተራ መቁረጥ ብቻ አይበቃም፣ መበወዝም አለበት። እኔ ባልበውዝ ኖሮ የሐምሌዋን ባግ (የኮድ ስህተት) ደግሜ አላያትም ነበር።

አሁን ወደ ኮዱ። መጀመሪያ ስም ብቻ ቀይሩ። ምንም ሎጂክ አትንኩ፣ መስመር አታንቀሳቅሱ። ቢኤች (bh) እና ጄኤች (jh) የሚባሉ ባለ ሁለት ፊደል ቫሪያብሎች በአንድ ፈንክሽን ውስጥ ሦስት የተለያየ ነገር ሲሸከሙ ታገኛላችሁ፤ ለያዩዋቸው። ይሄ አንድ ጊት ኮሚት ይሁን፤ ጊት የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው መሣሪያ ነው፣ አንድ ኮሚት ደግሞ አንድ የተመዘገበ ለውጥ። (የጆርናል ኮሚትና የጊት ኮሚት በአንድ ውይይት ውስጥ ሲገቡ ሰው መግባባት ያቆማል። እኛ የጆርናሉን "ፊርማ" ማለት ከጀመርን ወዲህ ተገላግለናል።)

ቀጥሎ ወደ ትናንሽ ፈንክሽን መክፈል ነው። የት ነው የሚቆረጠው? እኔ በመስመር ብዛት ቆርጬ አልተሳካልኝም። የሚቆረጠው የትራንዛክሽኑ ሁኔታ በሚቀየርበት ቦታ ነው፦ ክፍት ነበር፣ ተዘጋ፣ እየተጻፈ ነው፣ ተፈረመ። የኛ የላይኛው ፈንክሽን በመጨረሻ ምን እንደመሰለ በአማርኛ ላሳያችሁ፤ "ት" ትራንዛክሽኑ ነው፣ የስህተት ማጣሪያውን ትቼዋለሁ።

ኮሚት_አድርግ(ት)
    አዲስ_ገቢ_ዝጋ(ት)
    የገቡት_እስኪጨርሱ_ጠብቅ(ት)
    ዳታውን_ላክ(ት)
    የጆርናል_ብሎኮችን_ላክ(ት)
    የተላከውን_ሁሉ_ጠብቅ(ት)
    ዲስኩን_አራግፍ()
    ፊርማ_ጽፈህ_አሳርፍ(ት)
    ለግልበጣ_አስረክብ(ት)

"ላክ" ያለው ይልካል እንጂ አይጠብቅም። "ጠብቅ" ያለው ይጠብቃል እንጂ አይልክም። "አራግፍ" የሚለው ደግሞ ብቻውን ቆሟል፣ ማንም ፈንክሽን ሆድ ውስጥ አልገባም። ደንቤ ይሄ ነው፦ መጠበቅና ማራገፍ ወደ ታች አይደበቁም፣ ላይኛው ፈንክሽን ላይ በዓይን ይታያሉ። ፊርማው ብቻ ነው ጽሑፉና ማሳረፉ አብረው የሆኑት፤ ሳያርፍ የሚተው ፊርማ ለማንም ስለማይጠቅም። ይሄን ዝርዝር የሚያይ ሰው ከወረቀቱ የመጀመሪያ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ጋር በጣቱ እየጠቆመ ማመሳሰል ይችላል። እኔ ያጠፋሁትን መስመር ማንም ቢያጠፋው አሁን ወዲያው ይታያል።

ማገገሚያው (ማሽኑ ሲነሳ ጆርናሉን የሚያነበው ኮድ) ላይ ፈተናው ሌላ ነው። የሊኑክሱ ጆርናሉን ሦስት ጊዜ ያልፍበታል፤ መጀመሪያ የት እንደሚያልቅ ለማወቅ፣ ሁለተኛ የተሰረዙትን ለመሰብሰብ፣ ሦስተኛ ለመገልበጥ። ሦስቱንም የሚሠራው አንድ ፈንክሽን ነው፣ ውስጡ "ይሄኛው ዙር ከሆነ እንዲህ አድርግ" በሚሉ ኢፎች የተሞላ። እጅ ይበላል፣ ሦስት ቦታ መክፈል ያምራል። ግን ሦስት ጊዜ የተገለበጠ የመራመጃ ኮድ ማለት አንዱ ሲታረም ሁለቱ የሚረሱበት ኮድ ነው። እኔ መራመጃውን አንድ አድርጌ ተውኩት፣ በየብሎኩ ላይ የሚሠራውን ሥራ ብቻ አወጣሁ። ኢፎቹ ጥቂት ሆኑ እንጂ አልጠፉም፣ አልተጨነቅኩም።

የተሰረዙት ያልኩት ነገር ኮመንት የሚገባው ነው። ሪቮክ ይሉታል፤ ያለ ማብራሪያ የሚያነበው ሰው "ይሄ ለምን ኖረ?" ብሎ ያጠፋዋል። አጎቴ ጋ እንሂድ። አንድ ደንበኛ ዕዳውን ከፍሎ ጨረሰ፣ የባሕር መዝገቡ ገጽ ለሌላ ሰው ተሰጠ። የኪስ ደብተሯ ላይ ግን የድሮው ሰውዬ ዱቤ ተፈርሞ አለ። ማታ ዝም ብለው ቢገለብጡ የእሱን ዕዳ አዲሱ ሰው ገጽ ላይ ይጭኑታል። ስለዚህ ደብተሯ ላይ "የዚህ ገጽ የድሮው ጽሑፍ ቀርቷል" የሚል መስመር ያስፈልጋል። ሪቮክ ያ መስመር ነው፤ የተለቀቀ ብሎክ ለሌላ ፋይል ሲሰጥ አሮጌው ጽሑፍ እላዩ ላይ እንዳይገለበጥበት። ኮመንት ማለት እንዲህ ያለው ነው። "ሪቮክ ብሎክ ጻፍ" የሚል ኮመንት ከፈንክሽኑ ስም በላይ ምንም አይነግርም፣ አጥፉት።

ጎቱን (ኮዱን ወደ ሌላ መስመር የሚያዘልለውን ትዕዛዝ) በተመለከተ፣ ትምህርት ቤት የነገሯችሁን ትንሽ አቆዩት። ስህተት ሲመጣ ወደ ታች ዘሎ የያዘውን ሁሉ በተራ የሚለቅ ጎቱ በከርነል አጻጻፍ የተለመደ ነው፣ ይነበባልም። የሚጠላው ወደ ላይ የሚዘለው ነው፤ እሱን ወደ ሉፕ ቀይሩት።

ሎክ (ሁለት ሥራ አንድ ነገር ላይ እንዳይጋጩ የሚያዝ ቁልፍ) ላይ አንድ ነገር ብቻ፦ አንድ ፈንክሽን የያዘውን ሎክ ሌላ ፈንክሽን እንዲለቀው አታድርጉ። ማድረግ ግድ ከሆነ ስሙ ላይ ይጻፍ፣ ፈንክሽኑም ሲጀምር ሎኩ መያዙን በአሰርት (ካልሆነ ፕሮግራሙን በሚያስቆም ፍተሻ) ይፈትሽ። ፈንክሽን ስትከፍሉ ሎኩ ሳታውቁት ትንሽ ቀደም ብሎ ሊለቀቅ ይችላል፣ እሱን ደግሞ የመብራት ቴስቱ አይዘውም።

እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ጊት ውስጥ ይግባ፣ በየእርምጃው የመብራት ቴስቱ ይሩጥ። እኛ ጋ 31 ትናንሽ ኮሚት ሆነ። ጓደኛዬ "ምን ያንዛዛሃል" ብሎኝ ነበር፣ 19ኛዋ ላይ አንድ ነገር ሲሰበር በጊት ባይሴክት (ኮሚቶቹን ለሁለት እየከፈለ ጥፋተኛውን በሚፈልግ ትዕዛዝ) በአምስት ሙከራ አገኘናትና ዝም አለ። ኮዱን ማሳመርና ባግ ማረም በአንድ ኮሚት አይግቡ። እያጸዳችሁ ባግ ብታገኙ እንኳ አቁሙ፣ ባጉን ለብቻ አርሙ፣ ከዚያ ወደ ጽዳቱ ተመለሱ።

የሐምሌዋን የጽሑፍ ተራም አልጣልኳትም። ቴስት ፎልደሩ ውስጥ አስቀምጫታለሁ፣ ስሟ "ነጎድጓድ" ነው፣ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትሮጠው እሷ ነች።