የሚወረስ የሕፃን ቀሚስ በእጅ እንዴት ይሰፋል?

በእጅ የተሰፋ የድሮ የሕፃን ቀሚስ ካገኙ፣ ጥልፉን ከማድነቅዎ በፊት ገልብጠው ውስጡን ይመልከቱ። ሳይተረተር ከልጅ ወደ ልጅ የደረሰበት ምክንያት እዚያ ነው። ያልታጠፈ ጠርዝ የለም፤ የተንጠለጠለ ክር አይታይም፤ በጣት ሲዳሰስ የሚቆረቁር ቋጠሮ አይገኝም። ሕፃኑ በቆዳው የሚያውቀውም ይህንኑ ገጽ ነው። እኔ ለረጅም ጊዜ ድካሜን ሁሉ በአበባና በቅጠል ላይ አፍስሼ ስፌቱን በችኮላ እጨርስ ነበር። ከእነዚያ ልብሶች ለሁለተኛ ልጅ የተረፈ የለም። ስለዚህ እዚህ ሰፊውን ቦታ የምሰጠው ለማይታየው ሥራ ነው።

የምንሰፋው ከልደት እስከ ሦስት ወር ገደማ የሚለበስ፣ አንገቱ ላይ ተሸብሽቦ ወደ ታች ሰፋ ብሎ የሚወርድ ነጭ ቀሚስ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ወንዱም ሴቷም ሕፃን እንዲህ ያለ ቀሚስ ይለብሱ ነበር፤ የሽንት ጨርቅ ለመቀየር ከታች ገለብ ማድረግ ብቻ ይበቃልና። ነጭ ጥጥ የተወደደውም ቀለሙ ይለቃል ሳይባል በፈላ ውኃ ሊቀቀል ስለሚችል ነው።

ጨርቅ፣ ክርና መርፌ

ስስና ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ይምረጡ፤ ቀጭን የተልባ እግር ጨርቅም ይሆናል። እጅዎን ከሥሩ ሲያደርጉ የጣቶችዎ ጥላ መታየት አለበት፤ ሽመናው ግን ጥቅጥቅ ያለ ይሁን። ሳሳ ያለ ሽመና በስፌቱ ላይ ይከፈታል። ስፋቱ 110 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 1.25 ሜትር ርዝመት ይበቃል።

ክሩ የጥጥ ይሁን፤ ቁጥር 60 ወይም 80 ጥሩ ነው። ፖሊስተር ክር ጠንካራ ስለሆነ ይሻላል የሚል ሰው ይኖራል፤ እኔ አልስማማም። ክሩ ከጨርቁ ከጠነከረ፣ ልብሱ ሲጎተት የሚሸነፈው ጨርቁ ነው። የተበጠሰ ስፌት በግማሽ ሰዓት መልሶ ይሰፋል፤ የተቀደደ ስስ ጨርቅ ግን ምንም ቢያደርጉት ጠባሳው አይጠፋም።

መርፌ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ይቀጥናል፤ ለስፌቱ ቁጥር 10 ወይም 12 ይያዙ። የክሩ ርዝመት ከ45 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። ረጅም ክር ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ነገር ግን በጨርቁ ውስጥ በተመላለሰ ቁጥር እየሻከረና እየሳሳ ይሄዳል። ሥራ ሲጀምሩ ስፒሎቹንና መርፌዎቹን ይቁጠሩ፤ ሲያበቁም መልሰው ይቁጠሩ።

አንደኛ፦ ማጠብና መቁረጥ

ጨርቁን ከመቁረጥዎ በፊት ወደፊት ቀሚሱ በሚታጠብበት ሙቀት ውኃ ይጠቡት። የጥጥና የተልባ እግር ጨርቅ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ያ የሚሆነው ከተሰፋ በኋላ ከሆነ ስፌቱ ሁሉ ይጨማደዳል። እርጥበቱ ሳይለቅ በካውያ ይተኩሱት።

ቀጥ ያለ መስመር ለማግኘት ማስመሪያ አይመኑ። ከጨርቁ ዳር አንድ የማግ ክር በመርፌ ጫፍ አንስተው ቀስ ብለው ይምዘዙት። የተመዘዘው ክር ስስ መስመር ትቶ ይሄዳል፤ መቀሱ የሚሄደው በዚያ ላይ ነው። በድርና በማጉ ልክ ያልተቆረጠ ቀሚስ በታጠበ ቁጥር ወደ አንድ ጎን ይጣመማል።

የሚያስፈልጉት ክፍሎች አራት ናቸው። የፊትና የጀርባ ክፍሎች እያንዳንዳቸው 38 በ60 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለቱ እጅጌዎች እያንዳንዳቸው 22 በ22 ሴንቲ ሜትር ናቸው፤ የስፌቱ ትርፍ በዚህ ውስጥ ተካቷል። ከእያንዳንዱ ክፍል ሁለት የላይ ማዕዘኖች 4 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን፣ 9 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች የሆነ ሦስት ማዕዘን ይቆረጣል። እነዚህ ሰያፍ ጠርዞች ርዝመታቸው እኩል ስለሆነ በኋላ እጅጌና አካል ሲገናኙ በትክክል ይገጥማሉ።

የፊቱን ክፍል ግን ገና በልኩ አይቁረጡት። ልኩን በነጠላ ክር ምልክት ያድርጉበትና በዙሪያው 5 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ይተዉ። የጥልፍ ማወጠሪያ ጨርቁን ይስባል፤ አስቀድሞ የተቆረጠ ክፍል ከማወጠሪያው ሲወጣ ልኩ ተዛብቶ ይገኛል።

ሁለተኛ፦ ጥልፉ

የሚጠለፈው የፊት ክፍል ብቻ ነው። ጨቅላ ሕፃን ብዙውን ጊዜ በጀርባው ስለሚተኛ፣ ጀርባው ላይ የሚያርፍ ጥልፍ ለእሱ እንደ ጠጠር ነው። እኔ በኋላ በቀሚሱ የታችኛው ክፍል ከምንሠራቸው እጥፋቶች በላይ ሦስት ትናንሽ ዘለላዎች አድርጌ እተወዋለሁ። ቦታው ከታችኛው ጠርዝ ቢያንስ 22 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ይሁን፤ አለበለዚያ እጥፋቱ ይውጠዋል።

ንድፉን በደንብ በተሾለ እርሳስ አቅልለው ይሳሉ። በውኃ የሚለቅ የጨርቅ ብዕር ከተጠቀሙ በቀዝቃዛ ውኃ ሙሉ በሙሉ ሳያስለቅቁት ካውያ እንዳይነካው፤ ሙቀት ቀለሙን ጨርቁ ላይ ሊያስቀረው ይችላል። የጥልፍ ክር አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አብረው የተገመዱበት ነው፤ ለዚህ ሥራ አንዱን ብቻ ነጥለው ያውጡ።

ክሩን በቋጠሮ አይጀምሩ። 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ጫፍ ይተዉና ጥቂት ከጠለፉ በኋላ ያንን ጫፍ በውስጥ ገጽ በተሠሩት ስፌቶች ሥር አሳልፈው ይቁረጡት። ሲጨርሱም እንዲሁ። ከአንድ አበባ ወደ ሌላው ክር እየጎተቱ አይሻገሩ። ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የላላ ክር በሕፃን ጣት ላይ ተጠምጥሞ የደም ዝውውር ሊያቋርጥ ይችላል፤ ሐኪሞችም የሚያውቁት አደጋ ነው።

ለግንዱ መርፌውን ከግራ ወደ ቀኝ እየወሰዱ፣ እያንዳንዱን ስፌት ካለፈው ስፌት ወገብ ላይ ያስነሱ፤ መስመሩ እንደ ተገመደ ገመድ ይወጣል። ለአበባው እምብርት ክሩን በመርፌው ላይ ሁለት ጊዜ ጠምጥመው፣ ከወጡበት አንድ ክር ያህል ርቀው ወደ ውስጥ ያስገቡት። መርፌው እስኪያልፍ ድረስ ክሩን በሌላው እጅዎ ወጠር አድርገው ይያዙት። እንዲህ የሚወጣው ቋጠሮ ጨርቁ ላይ ጠበቅ ብሎ ይቀመጣል።

ቅጠሉን የምወደው በጥላ ጥልፍ ነው። የቅጠሉን ሁለት ጎኖች እንደ ሁለት መስመር ይያዙ። በአንደኛው ጎን አንድ የኋልዮሽ ስፌት፣ ማለትም መርፌው ወደ ኋላ ተመልሶ የሚወጋበትን ስፌት፣ ይስፉ፤ ክሩን በውስጥ በኩል አሻግረው በሌላው ጎን አንድ ይስፉ፤ እንዲህ እየተመላለሱ እስከ ጫፉ ይሂዱ። በውጭ በኩል የቅጠሉ ጠርዝ ብቻ ይታያል፤ ከኋላ የተሻገሩት ክሮች ደግሞ በስሱ ጨርቅ አልፈው መሐሉን በደብዛዛ ቀለም ይሞሉታል። ቅጠሉ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ አይስፋ፤ ከሰፋ የተሻገሩት ክሮች ረዝመው የጥፍር መያዣ ይሆናሉ።

ቀለሙ የእርስዎ ምርጫ ነው። እኔ ነጭ በነጭ ላይ እመርጣለሁ። በ19ኛው መቶ ዘመን በስኮትላንድ የኤርሻየር አካባቢ ሴቶች በስስ ጥጥ ላይ በነጭ ክር ብቻ የጠለፏቸው የሕፃን ቀሚሶች ዛሬም በሙዚየሞች ይታያሉ። ባለቀለም ክር ከተጠቀሙ ቁራጩን አርጥበው በነጭ ጨርቅ ላይ ያሳድሩት፤ ቀለም ከለቀቀ አይጠቀሙበት።

ጥልፉ ሲያልቅ አጥበው፣ በወፍራም ፎጣ ላይ ፊቱን ደፍተው ይተኩሱት፤ ከዚያ በልኩ ይቁረጡት።

ሦስተኛ፦ ድርብ ስፌት

ልብሱን የሚያኖረው ይህ ነው። የአካሉንና የእጅጌውን ሰያፍ ጠርዞች የውስጥ ገጾቻቸውን አገናኝተው ይያዙ። ስህተት ይመስላል፤ አይደለም። ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው ይስፉ። ትርፉን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይከርክሙት። አሁን ገልብጠው የውጭ ገጾቹን አገናኙ፣ ስፌቱ በትክክል በጠርዙ ላይ እንዲውል በካውያ ተጭነው፣ ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ገብተው ደግመው ይስፉ። የተቆረጠው ጠርዝ በሁለቱ ስፌቶች መካከል ተዘግቶ ይቀራል። ከመጀመሪያው ስፌት በኋላ በደንብ ካልከረከሙ ጭረት የመሰሉ ክሮች በውጭ በኩል ብቅ ይላሉ፤ እነሱን አንድ በአንድ መልቀም አሰልቺ ነው።

ስፌቱ በሴንቲ ሜትር አራት ወይም አምስት ይሁን። በየአምስት ስፌቱ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሰው ይውጉ፤ ክሩ አንድ ቦታ ቢበጠስ መተርተሩ እዚያው ይቆማል።

አራቱ ሰያፍ ስፌቶች ካለቁ በኋላ ከእጅጌው ጫፍ እስከ ብብት፣ ከብብት እስከ ታችኛው ጠርዝ በአንድ ተከታታይ ድርብ ስፌት ይዝጉ። ብብት ላይ ስፌቶች ስለሚገናኙ ይወፍራል፤ አንዱን ትርፍ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ አስተኝተው ይስፉት።

አራተኛ፦ የጀርባው ስንጥቅና አንገቱ

ጭንቅላቱ እንዲያልፍ ከጀርባው ክፍል መሐል፣ ከላይ ወደ ታች 13 ሴንቲ ሜትር ይሰንጥቁ። በ3 ሴንቲ ሜትር ስፋትና በ27 ሴንቲ ሜትር ርዝመት የተቆረጠ ቅዳጅ በስንጥቁ በሁለቱም ጎን ዙሪያ ይስፉ፤ ስንጥቁ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ስፌቱን ያጥብቁ፤ መጀመሪያ የሚቀደደው እሱ ነው። ከዚያ ቅዳጁን ወደ ውስጥ አጥፈው በማይታይ ስፌት ይያዙት።

አንገቱን ለመሸብሸብ ከላይኛው ጠርዝ 5 እና 10 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ሁለት ትይዩ መስመሮች ይስፉና ክሮቹን አብረው ይሳቡ፤ ዙሪያው 27 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን ድረስ። አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ሽብሽቡ ይገለባበጣል። በመርፌ ጫፍ እያንዳንዱን እጥፋት ወደ ታች እየደባበሱ አስተካክሉት። ከዚያ በሰያፍ የተቆረጠ፣ 3 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 29 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ቅዳጅ በላዩ ሰፍተው፣ ወደ ውስጥ አጥፈው ይዝጉት። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ስለሚሳብ አንገቱ ላይ ሳያኮርፍ ይተኛል። እዚህ አይቸኩሉ፤ እያንዳንዱን ሽብሽብ በአንድ ስፌት ይያዙ።

ለመዝጊያ ሁለት ትናንሽ ጠፍጣፋ የዛጎል ቁልፎችና የክር ቀለበቶች ይበቃሉ። በድሮ ቀሚሶች አንገት ላይ የምናየውን የሪባን ማሰሪያ አላደርግም፤ በአውሮፓ የልጆች ልብስ ደረጃ ከ7 ዓመት በታች ላሉ ልጆች በአንገትና በቆብ ላይ የሚታሰር ገመድ አይፈቀድም፤ ምክንያቱም ሊያንቅ ይችላል። ቁልፎቹን በድርብ ክር ሰፍተው አጥብቀው ይሳቧቸው፤ ትንሽ እንኳ የሚነቃነቅ ካለ እንደገና ይስፉት።

አምስተኛ፦ ጠርዙና የሚለቀቁት እጥፋቶች

የእጅጌዎቹን ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር አጥፈው ይዘምዝሙ። የታችኛውን ጠርዝ መጀመሪያ 7 ሚሊ ሜትር፣ ቀጥሎ 4 ሴንቲ ሜትር አጥፈው ይስፉ። ዳንቴል ከወደዱ ጥጥ የሆነውን ይምረጡ።

ከዝምዝሙ በላይ፣ በየ1.5 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ሦስት አግዳሚ እጥፋቶች ይሠራሉ። ጨርቁን በማጉ መስመር አጥፈው ከእጥፉ 1 ሴንቲ ሜትር ርቀው ዙሪያውን ይስፉ። እያንዳንዱ እጥፋት 2 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ይይዛል። ቀሚሱ ሲያልቅ ወደ 48 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ሕፃኑ ሲያድግ እጥፋቶቹን ፈትተው 6 ሴንቲ ሜትር ይጨምራሉ። ስለዚህ እዚህ ላይ ብቻ ወደ ኋላ የሚመለስ ስፌት አያስፈልግም፤ በቀላሉ እንዲፈታ ሆኖ ይሰፋ።

በዝምዝሙ ውስጥ በነጭ ክር የሕፃኑን ስም የመጀመሪያ ፊደልና ዓመቱን ይጥለፉ። ለሚቀጥለው ልጅ ቦታ ይተዉ።

ማስቀመጥ

የመጀመሪያ ቀሚሴን ስታርች አድርጌ፣ ተኩሼ፣ በፕላስቲክ ከረጢት አስቀመጥኩት። ከዓመታት በኋላ ሳወጣው በእጥፋቱ መስመር ቢጫ ሆኖ ተሰንጥቆ ነበር። ስታርች ነፍሳትን ይስባል፤ ፕላስቲክ እርጥበት ያፍናል፤ ንጹሕ የሚመስል የወተት ጠብታ ደግሞ በጊዜ ብዛት ይበልዛል። ስለዚህ ያለ ስታርች አጥበው በደንብ አለቅልቀው፣ ሳይተኩሱ፣ ጨርሶ ሲደርቅ አሲድ በሌለው ስስ ወረቀት ወይም በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይጠቅልሉት። በእጅጌዎቹ ውስጥ ወረቀቱን ጠቅለል አድርገው ይክተቱ፤ ስፒል ግን አይተዉበት፤ ይዝጋል። በዓመት አንድ ጊዜ ያውጡት፤ ነፋስ ያግኘው፤ ከዚያ ባለፈው ዓመት ባልታጠፈበት ቦታ አጥፈው ይመልሱት።